በክረምት ብስክሌት ይዞ ተራራ መውጣት፤ ጭቃው፣ ሰማዩና ሕጉ

ለአዲስ አበባ ልጅ ብስክሌት ማለት ለረጅም ዘመን በሰዓት የሚከራይ ነገር ነበር። በእኛ የልጅነት ጊዜ ሳንቲም አጠራቅሞ፣ የሰፈሩ ሳይክል አከራይ ደጃፍ ተሰልፎ፣ ግማሽ ሰዓት ነድቶ፣ ጉልበት ተልጦ ወደ ቤት መመለስ የተለመደ ነው። ካደግን በኋላ ግን ብስክሌት እንደ ቁምጣ ሱሪ የልጅነት ዕቃ ሆኖ ቀረ። ሥራ ይዞ፣ ከረቫት አስሮ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሲታይ መኪና መግዣ ያጣ ይመስለን ነበር።

ይህ አስተሳሰብ እየተለወጠ መጥቷል። በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" በሚል ስያሜ አውራ ጎዳናዎችን ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነፃ የማድረጉ ልማድ ተጀመረ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት የብስክሌት መንገድም ነበረው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በታደሱ ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። በዚህ ሁሉ መካከል ማርሽ ያለው፣ ጎማው ወፍራም የሆነ፣ በተለምዶ "ማውንቴን ባይክ" የምንለውን ብስክሌት የሚገዛው ባለሙያ ቁጥሩ ጨመረ። አስፋልቱን ከለመደ በኋላ ደግሞ ዓይኑ ወደ ተራራ መሄዱ አይቀርም።

ችግሩ ጊዜው ነው። አብዛኛው የተማረ የከተማ ሰው ፋታ የሚያገኘው በክረምት ነው። መምህሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እንደ እኔ ያለው የሕግ ሰው ደግሞ ፍርድ ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ ነው ትንፋሽ የሚያገኘው። ስለዚህ ብስክሌታችንን ይዘን ወደ ዳገት የምናቀናው ሰማዩ በጠቆረበት፣ መሬቱ በራሰበት ወር ይሆናል። እኔም ሃምሳን ከተሻገርኩ በኋላ ጥቂት ክረምቶችን ከታናናሽ ባልደረቦቼ ጋር በዚሁ አሳልፌያለሁ። "በዚህ ዕድሜህ፣ በዚህ ጭቃ?" ለሚሉኝ ወዳጆቼ የምሰጠው መልስ፣ ነገሩ የጉልበት ሳይሆን የስሌት ጉዳይ መሆኑን ነው። በስሌቱ ውስጥ ብዙዎቻችን የማናስገባው አንድ ቁም ነገር አለ፤ እርሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ። በቅድሚያ ስለ ተራራው።

ከኮልፌ ቀራኒዮ የሚታየው ተራራ

ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ፣ ወደ ቤቴል ወይም ወደ ካራ ቆሬ የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደ ምዕራብ ቢያዞር፣ ጉም ካልሸፈነው በቀር ወጨጫን ያያል። ወጨጫ እሳቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ያለፈው የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። በአምቦ መንገድና በጅማ መንገድ መካከል ተንሰራፍቶ የተቀመጠ ሲሆን፣ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ጥንታዊው የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። ይህ የጽድ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ በትውፊት ይነገራል። የተራራው ግርጌ የሚያርፈው ቀድሞ ቡራዩና ሰበታ ተብለው በሚታወቁት፣ በ2015 ዓ.ም. ግን በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት አካባቢዎች ነው።

በዚህ አካባቢ በክረምት ዳገት መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ሠራዊት ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ፣ መሣሪያና ውኃ ብቻ ይዞ ረጅም ርቀት በተወሰነ ሰዓት መጓዝ የሥልጠናው አካል እንደነበረ በግል የሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። የአካባቢው ሰውማ እንጨቱን ተሸክሞ፣ አህያውን ነድቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ክረምት ከበጋ የሚመላለስበት ነው። እንግዶቹ እኛ ነን።

ቁጥሮቹን እንመልከት። የአዲስ አበባ መሀል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። የወጨጫ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ አንድ ሺሕ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። አንድ ሺሕ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ የአየሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። የአየር ግፊቱም መሀል ከተማ ላይ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ሜዳ ላይ የሚነዳበትን ፍጥነት ዳገቱ ላይ ቢመኝ ሳንባው አይፈቅድለትም። መለኪያው ቀላል ነው፤ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ካቃተዎት ፍጥነቱ በዝቷልና ይቀንሱ።

ብስክሌቱ

የተራራ ብስክሌት መነሻው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚገኘው የታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን ያረጁ ብስክሌቶች እየሰበሰቡ የጥርጊያ መንገዱን ቁልቁል ይጋልቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመሩት ውድድር "ሪፓክ" ይባል ነበር፤ እንደገና መሙላት እንደ ማለት ነው። ስያሜውን ያገኘው፣ በቁልቁለቱ ፍሬኑ ግሎ ግራሱን ስለሚያቃጥለው ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ አዲስ ግራስ መሙላት ግድ ስለነበረ ነው። ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ገባ። ልብ ይበሉ፤ ይህ ስፖርት ሲወለድ ስሙ የወጣለት ከፍሬን ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቻችን ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከብስክሌት ጋር ያለን ትውውቅ ጥልቅ ነው፤ የጎደለን ከጭቃ ጋር ያለው ትውውቅ ነው።

ለክረምት ዳገት የሚሄድ ብስክሌት ውድ መሆን የለበትም። ሦስት ነገር ይበቃዋል። አንደኛ፣ ጥርሱ ያላለቀ ወፍራም ጎማ። ጎማው ከወትሮው ትንሽ ቢላላ መሬቱን በሰፊው ይጨብጣል፤ በአዘቦቱ 40 ፒኤስአይ የሚነፋ ሰው ለጭቃ ወደ 30 ቢያወርደው ይጠቅመዋል። ከዚያ በታች ሲሆን ግን ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬው ተቆንጥጦ ይፈነዳል፤ ተራራው ላይ ደግሞ ጎሚስታ የለም። ሁለተኛ፣ የተጸዳና ዘይት የነካው ካቴና። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ጤነኛ ፍሬን። ቸርኬውን በላስቲክ የሚጨብጠው ዓይነት ፍሬን በዝናብ ጊዜ ሲያዝ ወዲያው አይሠራም፤ መጀመሪያ ቸርኬው ላይ ያለውን ውኃ ይጠርጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው መያዝ የሚጀምረው። በዲስክ የሚሠራው የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም አሸዋ በቀላቀለ ጭቃ ውስጥ ከበጋው እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ያልቃሉ። ስለዚህ ፍሬን የሚመረመረው ከቤት ሲወጣ ብቻ አይደለም፤ ጫፍ ላይ ተደርሶ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊትም ነው።

ጭቃው

ከከተማ ወጥቶ ሜዳማው እርሻ ላይ የሚያጋጥመው ጥቁሩ ዋልካ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል። ጎማው ላይ እየተደረበ ይወፍርና በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል፤ ብስክሌቱ እንደ ታሰረ በቅሎ ቀጥ ይላል። ዋልካን በጉልበት የሚያሸንፍ ብስክሌተኛ አላየሁም። መፍትሔው ወርዶ፣ ብስክሌቱን ትከሻ ላይ አድርጎ፣ ሣር ያለበትን ዳር ይዞ መሄድ ነው። ይህ ለብስክሌቱ ብቻ ሳይሆን ለገበሬውም ይበጃል። በራሰ መሬት ላይ ጎማ የሚቀደው ፈር ውኃ ይጠራል፤ ውኃው ፈሩን ተከትሎ ይወርድና በዓመቱ ቦይ፣ በሌላው ዓመት ገደል ይሆናል።

ዳገቱ ሲጀመር አፈሩ ወደ ቀይነትና ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ይህኛው እንደ ዋልካ አይጣበቅም፤ ግን ያንሸራትታል። እዚህ ላይ ትልቁ ጥበብ አቀማመጥ ነው። ብስክሌቱን ወደ ፊት የሚገፋው የኋላው ጎማ ነው፤ ጎማው መሬት የሚጨብጠው ደግሞ ክብደት ሲያርፍበት ነው። ሰው ዳገት ሲከብደው ከኮርቻው ተነሥቶ ቆሞ መርገጥ ይፈልጋል። በደረቅ መንገድ ያ ይሠራል፤ በጭቃ ግን ክብደቱ ከኋላው ጎማ ስለሚነሣ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ስለዚህ ተቀምጠው ይቆዩ፤ ወደ ኮርቻው ጫፍ ጠጋ ብለው ደረትዎን ወደ መሪው ዝቅ ያድርጉ። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ያቅልሉ፤ መሀል ላይ እየረገጡ ለመቀየር ከሞከሩ ካቴናው ይዘላል። አረጋገጥዎ ሳይቆራረጥ እኩል ይሁን። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለው ተረታችን ለጭቃ ዳገት የተተረተ ይመስለኛል።

የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጥ ያለበትን ቦታ በተለይ ይጠንቀቁ። ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። ሥርም ሆነ የወደቀ ግንድ ሲያጋጥም በሰያፍ ሳይሆን ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መሻገር ይሻላል።

ሰማዩ

የአዲስ አበባ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን ብርቱዎቹ ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። የእነዚህ ወራት ዝናብ አንድ ጠባይ አለው፤ በአብዛኛው የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ጭጋግና ካፊያ ሊኖር ይችላል፤ ነጎድጓዱና በረዶው ግን ከቀትር በኋላ ይከማቻል። ስለዚህ የእኛ ደንብ ግልጽ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እንነሣለን፤ 5 ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት ፊታችንን ወደ ቤት እናዞራለን። ጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀረውም እንመለሳለን።

መብረቅን በተመለከተ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብልጭታውን አይተው ነጎድጓዱን እስኪሰሙ ይቁጠሩ፤ ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። ወዲያው ከጋራው አናት መውረድ፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር አለመጠለል፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ብርዱ ግን ከመብረቅ ይልቅ ዝም ብሎ ይገባል። ዳገት ሲወጣ ሰውነት ይሞቃል፣ ልብስ በላብ ይርሳል። ጫፍ ላይ ቆመው ፎቶ ሲነሡ ነፋሱ ያንን እርጥበት ያቀዘቅዘዋል፤ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ሰውነት ሳይሠራ ነፋስ ብቻ ይቀበላል። መንቀጥቀጥ፣ ጣት መታዘዝ ማቆም፣ የጃኬት ዚፕ መዝጋት ማቃት፣ ምላስ መተሳሰር የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ጣቱ ዚፕ መዝጋት ያቃተው ሰው ፍሬን መጨበጥም ያቅተዋል። በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ደረቅ ሹራብ፣ ጓንት፣ ቆሎና ዳቦ፣ በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣሉ።

ቁልቁለቱና ሕጉ

ወደ ኋላ አነሣዋለሁ ያልኩት ቁም ነገር ይኸው ነው። ዳገቱ ቢከብድ የሚጎዳው ወጪው ብቻ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ሌላ ሰው ይጨምራል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ቁልቁለትም እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። በጭጋግ ውስጥ፣ በጠባቧ የእግር መንገድ፣ እንጨት ተሸክማ አንገቷን ደፍታ የምትወጣ እናት ብስክሌት ይመጣል ብላ አትጠብቅም። ሸክሙ ጆሮዋንም ዓይኗንም ይጋርዳታል። ፈቀቅ ልትል ብትሞክር እንኳ ጭቃው ያንሸራትታታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮን የሚጓዝ አንድ ወጣት በዝናብ ሲወርድ ቅጠል የተሸከሙ አንዲት ሴት ገጨ። ክንዳቸው ተሰበረ። ተሸክመን አውርደን ሕክምና ካደረስናቸው በኋላ ጉዳዩ በአካባቢው ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ወጣቱ ጨዋ ልጅ ነው፤ ከልቡ አዝኗል። ግን "አባቶቼ፣ አጥፍቼ አይደለም፣ መንገዱ አንሸራተተኝ" አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ረጋ ብለው "ልጄ፣ መንገዱማ እዚሁ ነበር፤ የመጣኸው አንተ ነህ" አሉት።

እኚህ ሽማግሌ ሕግ አልተማሩም። ይሁንና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2067 ከዚህ የተለየ ነገር አይልም። በዚህ አንቀጽ መሠረት በራሱ ድርጊት በሌላ ሰው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። ከኃላፊነት የሚያድኑት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ ድርጊቱ በሕግ የታዘዘ ሲሆን፣ ሕጋዊ መከላከል ሲሆን፣ ወይም አደጋው የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ብቻ ሲሆን ነው። ጭቃና ዝናብ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

"ስፖርት እየሠራሁ ነበር" የሚለውም ክርክር እዚህ አያዋጣም። አንቀጽ 2068 በስፖርት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ልዩ አስተያየት ያደርጋል፤ ማታለል ወይም ከባድ የጨዋታ ደንብ መጣስ ከሌለ ጉዳት ያደረሰው ሰው ኃላፊ አይሆንም። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ተጎጂው አብሮ በስፖርቱ የሚካፈል ወይም ሊመለከት የመጣ ሲሆን ነው። እንጨት የተሸከመች እናት ተጫዋችም ተመልካችም አይደለችም። በመንገዷ የምትሄድ ባለመብት ናት።

ካሣውስ? አንቀጽ 2091 ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል እንዲሆን ያዝዛል። የሕክምናው ወጪ ብቻ አይደለም፤ ክንዳቸው እስኪድን ሳይሠሩ የቀሩበት ገቢም ይታሰባል። ለመኪና አሽከርካሪ እንዲህ ያለውን ዕዳ የሦስተኛ ወገን መድን ይጋራዋል። ይህ አስገዳጅ መድን በአዋጅ የተበጀው ለሞተር ተሽከርካሪ እንጂ በጉልበት ለሚነዳ ብስክሌት ስላልሆነ፣ ብስክሌተኛው የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው።

ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ብቻም አያበቃም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ ያስቀጣል። ጉዳት የደረሰበትን ሰው መርዳት እየቻሉ ትቶ መሄድም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የአካባቢው ሰው ስለማያውቀን ገጭቶ መሄዱ ቀላል መስሎ የሚታየው ካለ፣ ወንጀሉን ሁለት ማድረጉን ይወቅ።

የእኛ ወጣት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማምቶ የሕክምናውንም የሥራ ማጣቱንም ከፈለ። ከፍርድ ቤት በፊት በዕርቅ ማለቁ ለሁሉም በጀ። ክንዱ ግን ከድርድሩ በኋላም ክንድ ነው፤ ሸክም ለሚያድር ሰው ክንድ የዕለት እንጀራ ነው። በገንዘብ የማይመለሰውን ክፍል ሕግ ሊያስመልሰው አይችልም፤ ጥንቃቄ ብቻ ነው ሊያስቀረው የሚችለው።

ከዚያ ወዲህ የያዝነው ልማድ

ከዚያ ቀን በኋላ በቡድናችን አምስት ነገሮችን ደንብ አድርገናል፤ ለሚወዱት አንባቢም አቀርባቸዋለሁ። አንደኛ፣ የእግር መንገድ በሆነው ቦታ ሁሉ በዝናብ ጊዜ ቁልቁለቱን ወርደን ብስክሌቱን እየገፋን እንሄዳለን። ከሚነዳው ይልቅ የሚገፋው ረጅም ሰዓት ቢፈጅ ለዚሁ ነው በ5 ሰዓት የምንመለሰው። ሁለተኛ፣ በሚነዳበት ቦታም ቢሆን ፍጥነታችን በዓይናችን በምናየው ርቀት ውስጥ መቆም እስከምንችልበት ብቻ ነው፤ ጭጋጉ ሃያ ሜትር ብቻ ካሳየን በሃያ ሜትር ውስጥ መቆም አለብን። ሦስተኛ፣ ደወል ብስክሌቱ ላይ ይኖራል፤ ሰው ሲታይ ግን በደወል ሰውን ከመንገድ አናስወጣም፤ እኛ ነን ወርደን፣ ሰላምታ ሰጥተን፣ የምናሳልፈው። አራተኛ፣ ብቻውን የሚወጣ የለም፤ የት እንደምንሄድና መቼ እንደምንመለስ ቤት ያለ ሰው ያውቃል። አምስተኛ፣ ከመውጣታችን በፊት የአካባቢውን ሰው ስለ መንገዱ እንጠይቃለን። ሌሊት ምን ያህል እንደዘነበ፣ የትኛው ወንዝ እንደሞላ፣ የትኛው አቋራጭ እንደተናደ ከማንኛውም የስልክ ካርታ በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው።

እነዚህን ደንቦች ስናወጣ "ታዲያ ምኑን ብስክሌት ነዳን?" ያለ ባልደረባ ነበረን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ወጨጫን የሚያውቀው በሐምሌ ጠዋት ጉሙ ከጽዱ ላይ ሲነሣ ያየ ሰው ነው የሚል ነው። ከታች ከተማው በጭጋግ ተሸፍኖ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የመስጊዱ አዛን ብቻ ሲሰማ፣ ሳንባው በንጹሕ አየር ሲሞላ የሚገኘው ደስታ በፍጥነት አይለካም። ሰፈራችን ውስጥ "አየር ጤና" የሚባል ቦታ መኖሩ በከንቱ አይደለም።

ከተማችን ለብስክሌት መስመር መሥራት ጀምራለች፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። አስፋልት ላይ መኪና ለብስክሌተኛው እንዲጠነቀቅ እንፈልጋለን፤ ይህንንም በሙሉ አፋችን እንጠይቃለን። ተራራው ላይ ግን ፈጣኑም ብርቱውም እኛ ነን። ከመኪናው የምንጠብቀውን ያህል ጥንቃቄ ለእግረኛው ካልሰጠን ጥያቄያችን ሚዛን አይደፋም። በዚህ ክረምት ብስክሌቱን ይዞ ለመውጣት ያሰበ ሁሉ ጎማውንና ፍሬኑን ይፈትሽ፤ ሰዓቱን ያክብር፤ ሲዘንብ ይውረድ። ተራራው ለሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው ይጠብቀዋል።

ቸር እንሰንብት።